ቀበቶ ያልታጠቀው ስዊድናዊ፦ የአሌክሳንደር ጉስታፍሰን የፍልሚያ ሕይወት በቀላል አማርኛ

አሌክሳንደር ጉስታፍሰን ቡጢ፣ ርግጫና ትግል በሚቀላቀሉበት በሚክስድ ማርሻል አርት፣ በአጭሩ ኤምኤምኤ በሚባለው ስፖርት፣ 26 ጊዜ ተፋልሞ 18 አሸንፏል፣ 8 ተሸንፏል። ስምንቱም ሽንፈቶች የደረሱበት ዩኤፍሲ በተባለው ትልቁ የኤምኤምኤ ፍልሚያ አዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሁለቱ በነጥብ፣ ሦስቱ በዝረራ ወይም የመሀል ዳኛ ፍልሚያውን በማቋረጡ፣ ሦስቱ ደግሞ ታንቆ ወይም ክንዱ ተይዞ እጅ በመስጠቱ። ለዓለም ሻምፒዮንነት ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ከመካከለኛዎቹ አንዱ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ግን ካሸነፋቸው መካከል ሦስቱ የቀላል ከባድ ሚዛን (እስከ 93 ኪሎ) የሻምፒዮንነት ቀበቶ የታጠቁ ናቸው፤ ማውሪሲዮ ሩአ ከእሱ ጋር ከመጋጠሙ በፊት፣ ያን ብላሆቪችና ግሎቨር ቴሼራ ደግሞ በእሱ ከተሸነፉ ከዓመታት በኋላ። በ2013 በወቅቱ ሻምፒዮን ከነበረው ከጆን ጆንስ ጋር ያደረገውና የተሸነፈበት ፍልሚያም በዩኤፍሲ የክብር መዝገብ ገብቷል።

ሁለቱም መዝገቦች እውነት ናቸው። እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የሚገባን በእሱና በተጋጣሚዎቹ መካከል የነበረውን ርቀት ስንከተል ነው። ርቀቱን የሚወስነው እሱ በሆነበት ጊዜ በዓለም ላይ የሚያስቸግሩት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ርቀቱ ሲጠፋበት ግን ከታች ካሉ ሰዎች ሳይቀር ይሸነፍ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአርቦጋ እስከ ስቶክሆልም

ጉስታፍሰን ጃንዋሪ 15 ቀን 1987 ከስቶክሆልም በስተምዕራብ ባለችው በትንሿ አርቦጋ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የጀመረው በቦክስ ነው፤ ወደ ኤምኤምኤ የገባው በ2006፣ ፕሮፌሽናል የሆነው በ2007። ያ ዓመት ለስዊድንም ልዩ ነበር። በ1959 ኢንገማር ዮሃንሰን የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ሲሆን አገሩ በደስታ ሰክራ ነበር፤ ከ11 ዓመት በኋላ ግን፣ በ1970፣ ፕሮፌሽናል ቦክስን በሕግ ከለከለች። ክልከላው የላላው በ2007 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ ነው። ሕጉ ፍልሚያዎችን በመንግሥት ፈቃድ ሥር አደረገ፤ የስዊድን ኤምኤምኤ ፌዴሬሽንም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ፈቃዱ ጥብቅ የሕክምና ቁጥጥር ይዞ መጣ፤ ይህ ቁጥጥር በኋላ ጉስታፍሰንን ራሱን ከአንድ ትልቅ ፍልሚያ ያስቀረዋል።

በስቶክሆልም የተለማመደበት ቤት ኦልስታርስ ይባላል። ዋና አሰልጣኙ አንድሬያስ ማይክል ከቦክስ የመጣ ሰው በመሆኑ የጉስታፍሰን አፋለም ከትግልም ከካራቴም ይልቅ የቦክስ መልክ አለው። ከዚሁ ቤት በኋላ ካምዛት ቺማዬቭ ወጥቶ በ2025 የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚወክለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ነበር።

ርቀት ማለት ምን ማለት ነው?

ኤምኤምኤ ውስጥ ሦስት ርቀቶች አሉ። አንደኛው እጅና እግር ተዘርግቶ የሚደርስበት ነው። ሁለተኛው ተያይዞ መቆም፣ ክሊንች የሚሉት ነው፤ እዚህ ክርን፣ ጉልበትና አጭር ቡጢ ይሠራል። ሦስተኛው መሬት ላይ ነው። አንድ ተፋላሚ በሦስቱም መሥራት አለበት፤ ሆኖም ሁሉም የሚመርጠው ርቀት አለው፤ ፍልሚያውም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምርጫ በተጋጣሚ ላይ የመጫን ትግል ነው።

ጉስታፍሰን 196 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ክንዱ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 2 ሜትር ገደማ ነው። ሚዛኑ ግን እስከ 93 ኪሎ ነው። በዚህ ሚዛን አብዛኛው ሰው ከእሱ ያጥራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ርቀት መረጠ። ዋና መሣሪያው በፊተኛው ግራ እጅ የሚሰነዘረው ቀጥታ ቡጢ፣ ጃብ ነው። ጃብ ለብቻው ሰው አይዘርርም፤ ሥራው ሌላ ነው። የተጋጣሚን ዓይን ይጋርዳል፣ እርምጃውን ያቋርጣል፣ ርቀቱን ይለካል፣ ከኋላ ለሚመጣው ቀኝ መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛው መሣሪያው እግሩ ነው። መትቶ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ወደ ጎን ይወጣል፤ ተጋጣሚው መልስ ሲሰነዝር የሚያገኘው ባዶ አየር ነው።

እግር እንዲህ የሚያስፈልገው በጓንቱ ምክንያት ነው። የኤምኤምኤ ጓንት 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የፕሮፌሽናል ቦክስ ጓንት ግን ከ8 እስከ 10 አውንስ ይመዝናል። በቦክስ ሁለት ትልልቅ ጓንቶችን ፊት ላይ ደርድሮ ቡጢ መመከት ይቻላል። በትንሹ ጓንት ግን ቡጢው በመሃል ይሾልካል፤ መከላከያው አለመገኘት ነው።

ይህ አፋለም ሦስት ድክመት አለው። ወደ ኋላ መሄድ የሚቻለው ቦታ እስካለ ነው፤ የዩኤፍሲ ስምንት ማዕዘን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እግር ይደክማል፤ የሻምፒዮና ፍልሚያ 5 ዙር፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ በድምሩ 25 ደቂቃ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም ሰው ለትግል መጋለጡ ነው፤ ወገቡ ከፍ ስላለ ከሥሩ ገብቶ ማንሳት ይቀላል።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ አቡዳቢ 2010

ዩኤፍሲ ውስጥ በኖቬምበር 2009 ማንቸስተር ላይ ሲጀምር ጃሬድ ሃማንን በ41 ሴኮንድ ዘረረው። ቀጥሎ በኤፕሪል 2010 አቡዳቢ ላይ የገጠመው ፊል ዴቪስ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የትግል ሻምፒዮን ነበር። ዴቪስ መሬት ላይ አውርዶ አናኮንዳ በሚባለው አስተናነቅ በመጀመሪያው ዙር አስቆመው፤ ለዙሩ መደወያ የቀረው 5 ሴኮንድ ነበር።

አናኮንዳ የሚሠራው እንዲህ ነው። አናቂው ከፊት ሆኖ የተጋጣሚውን ራስና አንድ ክንድ በአንድነት ያቅፋል፤ እጆቹን ይቆልፋል፤ ከዚያ በጎኑ ተንከባሎ ይጠብቃል። የሚዘጋው የትንፋሽ ቧንቧ ሳይሆን በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች ናቸው። በደንብ ከገባ ሰው በ10 ሴኮንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ስለዚህ «ትንሽ ልታገስ» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ብልህነቱን ያሳያል፤ በአሜሪካ ሳንዲዬጎ ወዳለው የዴቪስ የልምምድ ቤት ሄዶ ካሸነፈው ሰው ጋር ይሠለጥን ጀመር። የተማረው ነገር በስፖርቱ ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን በሺህ ድግግሞሽ ብቻ የሚገኝ ነው። ተጋጣሚ ወደ እግር ሲወረወር ወገብንና ሁለት እግርን በፍጥነት ወደ ኋላ መወርወርና ክብደትን በጀርባው ላይ መጫን፤ ክንድን ከብብቱ ሥር አስገብቶ ደረቱን ማንሳት፤ ግንባርን ከግንባሩ በታች አስገብቶ ቀና ማድረግ። ከወደቁም ጀርባን ለአጥሩ ሰጥቶ፣ አንድ እጅ መሬት ላይ ተክሎ፣ ወገብን እያንሸራተቱ መነሳት። አዲስ ሰው የሚሳሳተው እጁን በማሠራት ብቻ ነው፤ ወገቡ ወደ ኋላ ካልሄደ እጅ የትም አያደርስም።

ከዴቪስ በኋላ ስድስት ተከታታይ ድል መጣ። በኤፕሪል 2012 ዩኤፍሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ስዊድን ሲገባ፣ ስቶክሆልም ግሎብ አዳራሽ ውስጥ ዋናው ፍልሚያ የእሱ ነበር፤ ቲያጎ ሲልቫን በነጥብ አሸነፈ። በዲሴምበር 2012 ሲያትል ላይ የቀድሞውን ሻምፒዮን ሩአን በሦስት ዙር በነጥብ ረታ። ያን ጊዜ ቀበቶው ፊት ለፊት ታየ።

የዓይን ቅንድብ ቁስል

ኤፕሪል 2013 ስቶክሆልም ላይ ከጌጋርድ ሙሳሲ ጋር ሊጋጠም ቲኬቱ ሁሉ ተሸጦ፣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በልምምድ ላይ ዓይኑ አካባቢ ተቆረጠ። የስዊድን ፌዴሬሽን አይፈቀድም አለ። የልምምድ ጓደኛው ኢሊር ላቲፊ በቀናት ማስታወቂያ ተተክቶ ገባና በነጥብ ተሸነፈ።

ለአንድ ቁስል ይህን ያህል? ትኩስ ጠባሳ ከጤነኛ ቆዳ በጣም ይደክማል፤ የመጀመሪያው ጃብ ሲያርፍ ይከፈታል። ደሙ ወደ ዓይን ከፈሰሰ ተፋላሚው ከዚያ በኩል የሚመጣውን አያይም፤ ሐኪሙም ፍልሚያውን ለማስቆም ይገደዳል። ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ያለው ነርቭና ጡንቻ አደጋ ላይ ይወድቃል። አዘጋጁ ገንዘብ ከሰረ፣ ደጋፊውም አዘነ፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር፤ ሕጉም የወጣው ለዚሁ ነው።

ቶሮንቶ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013

ጆን ጆንስ በዚያን ጊዜ ማንም የማይደርስበት ሻምፒዮን ነበር። ክንዱ ሲዘረጋ 215 ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ቀን ድረስ በረጅም ርቀት የሚጫወተው እሱ፣ የሚቸገሩት ሌሎቹ ነበሩ። የፍልሚያው ማስታወቂያም ሁሉ ስለ ቁመት ነበር፤ «ጆንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት የሚያየው ሰው አገኘ» የሚል ዓይነት። ጉዳዩ ግን ቁመቱ ብቻ አልነበረም። ጉስታፍሰን በእግሩ ገብቶ ሁለት ሦስት ቡጢ ሰንዝሮ በጎን ይወጣ ነበር። ጆንስ የሚጫወተው ቆሞ በመለካት ስለሆነ፣ የሚለካው ነገር ሲንቀሳቀስበት ተቸገረ።

በመጀመሪያው ዙር ጉስታፍሰን የጆንስን ቅንድብ ቆረጠ፤ ቀጥሎም በትግል መሬት ላይ ጣለው። ጆንስ በዩኤፍሲ ታሪኩ ሲጣል ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የጣለው ደግሞ ከቦክስ የመጣ ሰው ነው። ጆንስ በበኩሉ ሊጥለው ከ10 ጊዜ በላይ ሞክሮ አንዴ ብቻ ተሳካለት። የሳንዲዬጎው ልምምድ ፍሬ ማለት ይህ ነው።

ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ አዳራሹ ሻምፒዮኑ ሊወርድ ነው ብሎ ነበር። በአራተኛው ዙር ማብቂያ ላይ ጆንስ ዞሮ በክርኑ የጉስታፍሰንን ራስ አገኘ፤ ረጅሙ ሰው ተንገዳገደ፣ እግሩም እንደ በፊቱ መሆኑ ቀረ። በአምስተኛው ዙር ሁለቱም በድካም ላይ ሆነው ጆንስ በለጠ። ሦስቱም ዳኞች ለጆንስ ፈረዱ፤ ሁለቱ 48 ለ47፣ አንዱ 49 ለ46። ከዚያ ሁለቱም ሆስፒታል ተወሰዱ።

ብዙ ሰው «ተሰረቀ» ይላል። ለመፍረድ የነጥብ አሰጣጡን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የኤምኤምኤ ክርክር ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አጥሩ ዙሪያ ሦስት ነጥብ ሰጪ ዳኞች በየራሳቸው ይቀመጣሉ። ፍልሚያውን እንደ አንድ ሙሉ ነገር አይመዝኑም፤ እያንዳንዱን ዙር ለብቻው ይዘጋሉ። የዙሩ አሸናፊ 10 ያገኛል፣ ተሸናፊው 9። ብልጫው በጣም ከሰፋ 10 ለ8 ይሆናል፤ እኩል የሆነ 10 ለ10 አለ፣ ግን እምብዛም አይሰጥም። በፀጉር የተሸነፈ ዙርም ሆነ በግልጽ የተሸነፈ ዙር ብዙውን ጊዜ ያው 10 ለ9 ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዳኛ ሁለት ዙር ለጉስታፍሰን፣ ሦስት ለጆንስ ከሰጠ፣ ጆንስ 10፣ 10፣ 10፣ 9፣ 9፤ ድምሩ 48። ጉስታፍሰን 9፣ 9፣ 9፣ 10፣ 10፤ ድምሩ 47። 49 ለ46 ያለው ዳኛ አራት ዙር ለጆንስ ሰጥቷል ማለት ነው። አንድ ዙር ብቻ ቢገለበጥ የሁለቱ ዳኞች ወረቀት ለስዊድናዊው 48 ለ47 ይሆንና ቀበቶው አትላንቲክን ይሻገር ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች የጆንስ መሆናቸው ብዙም አያከራክርም፤ የመጀመሪያው ዙር የጉስታፍሰን መሆኑም እንዲሁ። ክርክሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ቡጢ የቆጠረ ሰው አንድ መልስ ያገኛል፤ የጆንስን ርግጫዎች የቆጠረ ሰው ሌላ።

ዳኛ የሚያየው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ውጤት ያመጣ ምትና ትግል፤ ይህ እኩል ሲሆን ብቻ ጥቃትን መምራት፤ እሱም እኩል ሲሆን ቦታን መቆጣጠር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ጠንክሮ የተጻፈው ከ2017 ወዲህ ሲሆን፣ በ2013 ለዳኛው ስሜት የተተወው ቦታ ሰፊ ነበር። «ሻምፒዮንን ለማውረድ በግልጽ መብለጥ ያስፈልጋል» የሚባለው በሕጉ ውስጥ የለም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኩል ነጥብ ካለቀ ቀበቶው ከባለቤቱ ጋር ይቆያል።

በእኛ እይታ 48 ለ47 ለጆንስ ሊሟገቱለት የሚቻል ፍርድ ነው፤ ለጉስታፍሰን 48 ለ47 ማለትም እንዲሁ። 49 ለ46 ግን ሌላ ፍልሚያ የተመለከተ ሰው ወረቀት ይመስላል።

ጉልበት፣ ከዚያ ጆንሰን

በማርች 2014 ለንደን ላይ ያልተሸነፈውን ጂሚ ማኑዋን በሁለተኛው ዙር አስቆመና የጆንስ ድጋሚ ግጥሚያ ተቆረጠለት። በልምምድ ላይ ሜኒስከስ የተባለው፣ በጉልበት መጋጠሚያ ውስጥ ሁለቱን አጥንቶች የሚያለዝበው ልም አጥንት ተቀደደበት፤ ቦታውን ዳንኤል ኮርሚየር ወሰደ። በእግሩ ለሚኖር ተፋላሚ ከዚህ የባሰ ጉዳት ማሰብ ይከብዳል፤ ወደ ጎን መዞር የሚጫነው በትክክል ያንን ቦታ ነው።

ጃንዋሪ 2015 ስቶክሆልም ቴሌ2 አሬና። 30,000 ሰው ገደማ ገባ። ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሰዓት እንዲመች ዋናዎቹ ፍልሚያዎች የጀመሩት በስቶክሆልም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ዋናው ግጥሚያ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ። ተጋጣሚው አንቶኒ ጆንሰን በዚህ ሚዛን ከተነሱት ሁሉ ከባዱን ቡጢ ከያዙት አንዱ ነበር፤ በ2022 በ38 ዓመቱ አርፏል። ጆንሰን አላሳደደውም፤ መውጫ ቆረጠበት። ሁለቱ አይመሳሰሉም። የሚያሳድድ ሰው ጉስታፍሰን ወደ ሄደበት ይከተላል፤ የሚቆርጥ ሰው ሊሄድ ወዳሰበበት ቀድሞ ይረግጣል። አጥሩ ጀርባውን ሲነካው ጃቡ ዋጋ የለውም፤ ወደ ኋላ የሚሄድበት የለምና። በ2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ዳኛው አስቆመው። አዳራሹ ዝም አለ።

ኮርሚየር፣ ኪሎና ውሃ

ሽንፈት ላይ ያለ ሰው ወዲያው የሻምፒዮንነት ፍልሚያ ማግኘቱ ያነጋገረ ቢሆንም፣ ኦክቶበር 2015 ሂውስተን ላይ በዚያን ጊዜ ሻምፒዮን የነበረውን ኮርሚየርን ገጠመ። ኮርሚየር 180 ሴንቲሜትር ነው፤ ከጉስታፍሰን ጋር ሲቆም ግንባሩ አገጩ ጋ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላልና አድካሚ ነበር። ጃቡን ተቀብሎ ይገባል፤ በግራ እጁ ማጅራቱን ይዞ ራሱን ወደ ታች ይጎትታል፤ በቀኙ ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘረውን ቡጢ፣ አፐርካት፣ ያሳርፍበታል። ማጅራቱ የተያዘ ሰው ቁመቱ ከንቱ ነው። ጉስታፍሰን በሦስተኛው ዙር በጉልበቱ መትቶ ዘርግቶት ነበር፤ ሊጨርሰው ግን አልቻለም። ሁለት ዳኞች ለኮርሚየር፣ አንዱ ለስዊድናዊው ፈረዱ።

ኮርሚየር ሲነሳ ኪሎ መቀነስ ሳይነሳ አይታለፍም። እሱ በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ የአሜሪካ የትግል ቡድን አባል ሆኖ ሄዶ፣ በኪሎ ቅነሳ ምክንያት ኩላሊቱ ሥራ አቁሞበት ሳይወዳደር ቀርቷል። በኤምኤምኤም ነገሩ ያው ነው። የ93 ኪሎ ተፋላሚ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ሆኖ ይኖራል፤ ከፍልሚያው አንድ ቀን በፊት ሚዛን ላይ ሲወጣ ብቻ 93 ይሆናል። ቀበቶ ለሌለበት ፍልሚያ ግማሽ ኪሎ ያህል ይታለፍለታል፤ ለቀበቶ ግን አንድ ግራምም አይታለፍም።

አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። በሳምንታት ውስጥ ስብ ይቀነሳል፤ ይህ ጤናማው ክፍል ነው። የመጨረሻው ሳምንት የውሃ ነው። እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ የመሳሰሉት ይቀራሉ፤ ጡንቻ ውስጥ የሚከማች አንድ ግራም ስኳር 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ስኳሩ ሲወጣ ውሃውም ይወጣል። ጨው ይቀነሳል። መጀመሪያ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ከዚያ በድንገት ይቋረጣል፤ ሰውነት ማስወጣቱን ለጥቂት ሰዓት ይቀጥላል። የቀረው በሙቅ ገንዳና በሳውና ላብ ሆኖ ይወጣል። ሚዛን ካለፈ በኋላ በኦአርኤስ ዓይነት ውህድና በቀላል ምግብ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከሐኪም ውጭ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ሰዎች ሞተውበታል።

የሚበላሸው ምኑ ነው? ደም ይወፍራል፣ ልብ ይደክማል፣ ኩላሊት ደም ያጣል። አንጎልን የሚከበው ፈሳሽ በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ጊዜ የማይጥል ቡጢ ይጥላል። ፈሳሹን በክንድ ደም ሥር በግሉኮስ መተካት ፈጣኑ መንገድ ነበር፤ በ2015 ግን የዩኤፍሲ ፀረ-አበረታች ደንብ ከለከለው፤ የተከለከሉ ነገሮችን አጥቦ ለመደበቅም ያገለግላልና።

ስቶክሆልም 2017

ብላሆቪችን በሴፕቴምበር 2016 ሃምቡርግ ላይ በነጥብ ካሸነፈ በኋላ፣ ሜይ 28 ቀን 2017 ግሎብ ውስጥ ቴሼራን ገጠመ። ምርጡ ሥራው ይህ ነው ብንል ብዙ ሰው አይከራከረንም። ቴሼራ ከእሱ የሚያጥር፣ ከባድ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ሰው ነው። ጉስታፍሰን አራት ዙር ሙሉ ጃብ፣ ቀኝ፣ ወደ ጎን፤ ጃብ፣ አፐርካት፣ ወደ ጎን። ቴሼራ ራሱን ዝቅ አድርጎ መግባት ስለለመደ፣ ከታች የሚወጣው አፐርካት የሚጠብቀው በር ላይ ነበር። በአምስተኛው ዙር 1 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ተከታታይ አፐርካቶችን አውርዶ በቀኝ ጨረሰው፤ እዚያው አጥር ውስጥ ተንበርክኮ ለፍቅረኛው የጋብቻ ጥያቄ አቀረበ። ቴሼራ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ42 ዓመቱ፣ ብላሆቪችን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ጉስታፍሰን ያሸነፋቸው ሁለት ሰዎች እሱ ባላገኘው ቀበቶ ላይ ሲጋጠሙ እሱ ተመልካች ነበር።

ድጋሚ ጆንስና ቁልቁለቱ

ዲሴምበር 29 ቀን 2018 ከጆንስ ጋር ላስ ቬጋስ ሊጋጠሙ 6 ቀን ሲቀር ፍልሚያው በሙሉ ወደ ካሊፎርኒያ ኢንግልዉድ ተዛወረ። ጆንስ በ2017 ከተያዘበት ቱሪናቦል የተባለ አበረታች መድኃኒት የቀረ ርዝራዥ በምርመራ ላይ ታየ፤ መጠኑ በፒኮግራም የሚቆጠር፣ ማለትም በግራም ትሪሊዮንኛ ነው። አዲስ መውሰድ ነው ወይስ ከድሮው የቀረ? ባለሙያዎቹ የድሮው ነው አሉ። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ግን በዚያ ጥቂት ጊዜ ውስጥ መወሰን አልቻለም፣ ካሊፎርኒያ ፈቀደ። ቲኬትና ሆቴል የከፈለው ሰው ተንገላታ።

በፍልሚያው የ2013ቱ ጉስታፍሰን አልታየም። ጆንስ እግሩን ወደ ፊት እየገፋ ከጉልበቱ በላይ ይረግጠው ነበር፤ ይህ ርግጫ የሚገባን ሰው ከመነሻው ያቆማል፣ ጃብም እንዳይደርስ ያደርጋል። በሦስተኛው ዙር ጣለው፣ ጀርባውን ያዘ፣ በ2 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ዳኛው አስቆመ።

ጁን 2019 በስቶክሆልም አንቶኒ ስሚዝ በአራተኛው ዙር ከጀርባ አንቆ እጅ አሰጠው። ይህ አስተናነቅ አንድ ክንድ በአንገት ዙሪያ፣ ሌላው ከማጅራት ጀርባ ሆኖ የሚቆለፍ ነው። መከላከያው የሚጀምረው ከአንገት ሳይሆን ከእጅ ነው፤ የሚያንቀውን እጅ በሁለት እጅ ይዞ ሳይሻገር ማስቀረት። አገጭን ደረት ላይ መቅበር የሚሰጠው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ጉስታፍሰን ጓንቱን አውልቆ አጥሩ ውስጥ ተወ፤ በቃኝ አለ።

ተመለሰ ግን። በጁላይ 2020 አቡዳቢ፣ በኮሮና ምክንያት ተመልካች በሌለበት፣ ወደ ከባድ ሚዛን ወጥቶ የቀድሞውን ሻምፒዮን ፋብሪሲዮ ቨርዱምን ገጠመ፤ ኪሎ መቀነስ ቀርቶለት ነበር፣ መሬት ላይ ግን ከዓለም ምርጦች አንዱ ክንዱን ይዞ በ2 ደቂቃ ተኩል እጅ አሰጠው። በጁላይ 2022 ለንደን ላይ በቀድሞ ሚዛኑ ኒኪታ ክሪሎቭ በ67 ሴኮንድ ዘረረው። ልብ ያለው ሰው ነበር፤ እግሩን ግን ጊዜ ወስዶበታል።

ለሚያይ ሰው

ፍልሚያዎቹን በቪዲዮ የሚያይ ሰው ከ2013ቱ የጆንስ ፍልሚያ ይጀምር፤ ድምፁን ዘግቶ። የአስተያየት ሰጪዎቹ ጩኸት ዙሮቹን አስቀድሞ ይፈርዳል። ወረቀት ይዞ በየዙሩ መጨረሻ 10 ለ9 ለማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ሁለት ጊዜ ይይ። ቀጥሎ የጆንሰንን ሲያይ እጅን ትቶ የጉስታፍሰንን ተረከዝና አጥሩን ብቻ ይከተል፤ የቀረው ሜትር ሲያጥር ይታያል። በኮርሚየር ፍልሚያ የማጅራቱን እጅ ይቁጠር። የቴሼራውን በመጨረሻ ያቆየው፤ ረጅም ስለሆነ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ዙር ማየት ይበቃዋል።